ሲስተም የለም፣ ቲማቲምም የለም

በሐምሌ ጉዳይ ለመጨረስ ከተማ መውጣት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ባንክ ገባሁ፤ «ሲስተም የለም»። መቼ ይመጣል? ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ። ዝናቡ ሲጀምር ያ ሁሉ ታክሲ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው። ሲመጣም መንገዱን ቆርጦ ግማሽ ላይ ያወርድሃል፤ ሒሳቡ ግን ሙሉ!

ይሁን፣ ይሄንን ለምደነዋል። እኔን ያንገበገበኝ የችግኝ ሻጩ ነው። «ቲማቲም ክረምት ይወዳል» ብሎ ምሎ ሸጠልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በዚህ ብርድና እርጥበት፣ መጠለያ ለሌለው ቲማቲም! ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ጠቆረ፣ ግንዱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ በሰበሰ። ሰውዬው ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

ቆስጣው ደግሞ የቀንድ አውጣ እራት ሆኗል። ጠዋት ስወጣ የቀረው ነጩ አገዳ ብቻ ነው። ጎረቤቴ እትዬ «አመድ ነስንሺበት» አሉኝ። ነሰነስኩ። አመድ የሚሠራው ደረቅ ሲሆን ነው እንጂ የከሰዓቱ ዶፍ ጠራርጎ ቦይ ውስጥ ከተተው።

የሌማት ትሩፋት ከመጣ ወዲህ በቴሌቪዥን ነጋ ጠባ ጓሯችሁን አልሙ ይሉናል። እሺ፣ እናልማ! ገበያ ላይ የሚቸበቸበውን ዘርና ችግኝስ ማን ይቆጣጠርልን?

ሻጩን ላፋጥጠው ብሄድ ቤቱን የሞባይል ከቨር መሸጫ አድርጎታል። «ችግኝ? እሱን ትተናል እህቴ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።