ሁለት ሰው፣ ሰባት ሌሊት

ነገሩ የተጀመረው እሁድ ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። አማቴ ሳሎን ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ባለቤቴ ስልኳን አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋችው። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከስሩ ገደል፣ ከገደሉ ስር ባሕር። ጣሪያው ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቆማለች። ቀሚሱ ከልጅቷ አልፎ ሦስት ሜትር ያህል ነፋስ ላይ ተንሳፏል።

«ሳንቶሪኒ» አለችኝ፤ የግሪክ ደሴት ናት። «አሥረኛ ዓመታችን አይደል? ሁለታችን ብቻ።»

ካገባን ወዲህ ሁለታችን ብቻ የሆንነው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ሊፍት ተዘግቶብን። አንዴ ምጥ ሲይዛት ታክሲ ውስጥ። ታክሲው ደግሞ ሹፌር ነበረው። ጫጉላችንን ላንጋኖ የሄድን ጊዜ እንኳ ሚዜዎቼ «እንዳይደብራችሁ» ብለው በማግስቱ ተከትለውን መጡ። ሦስት ቀን ካርታ ተጫወትን።

ስለዚህ እሺ አልኩ። ልጆቹን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄም መልስ ነበረው። አማቴ በዘጠና ቀን ቪዛ ፍራንክፈርት ከገቡ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አስልታ ነው የተናገረችው። ሴት ልጅ አንድ ነገር ትዝ አለኝ ስትል ሁለት ወር አስባበታለች ማለት ነው።

እኔ ግን አላሰላሁም። ጀርመን አገር የዓመት ፈቃድ የሚሞላው በጥር ነው። ቅጹን ረስቼ ባልደረቦቼ ጁላይን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍለውታል። ለእኔ የተረፈችኝ ከኦገስት 10 እስከ 23 ያለችው መደብ ናት። ደስ ብሎኝ ወሰድኳት። ባሕሩ የሚሞቅበት ወቅት ነው አልኩ።

በማግስቱ ሆቴል መፈለግ ጀመርኩ። ጎብኚዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት የሚሰለፉባት መንደር ኢያ ትባላለች። እዚያ በጣም የሚፈለገው ማረፊያ ዋሻ ነው። ቀልዴን አይደለም። የገደሉን አፈር ፈልፍለው የሠሩት ቤት ነው። ድሮ ድኻ መርከበኛ ይኖርበት ነበር አሉ። አሁን ኖራ ተቀብቶ፣ ደጁ ላይ ገንዳ የምታህል መዋኛ ተቆፍራለት፣ በሌሊት 480 ዩሮ። በእኛ አገር ዋሻ ውስጥ የሚኖር ሰው ባሕታዊ ነው። በነፃ ነው የሚኖረው፤ እንዲያውም ሰው ቆሎ ይወስድለታል።

«ዋሻ ነው እኮ» አልኳት።

«ቁርስን ጨምሮ ነው» አለችኝ።

በዚያ ላይ የመንግሥት ክፍያ አለ። ግሪክ ሆቴሉ ባለው ኮከብ ልክ በየሌሊቱ ታስከፍላለች፤ በበጋ ለአምስት ኮከብ 15 ዩሮ፣ ለአንድና ለሁለት ኮከብ 2 ዩሮ። ስሙ ለአየር ንብረት ነው። በዚያች ቅጽበት ለአንድ ኮከብ ሆቴል ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ሰባት ሌሊት በ480 ስንት እንደሚመጣ እናንተው አስሉት። እኔ ሳሰላው ዕቁቤ ትዝ አለኝ። የዕቁቡን ዳኛ ደውዬ ዕጣው ቀድሞ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ዕጣ ሲለመን ምክንያት ይጠየቃል። ቀብር ከሆነ ወዲያው ነው። ሠርግ ከሆነ ትንሽ ይታሰብበታል። እኔ «ግሪክ» አልኩት። ዳኛው ዝም አለ። «ሰው ታሞ ነው?» አለኝ። «ለዕረፍት ነው፤ ከባለቤቴ ጋር።» አሁንም ዝም አለ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «በመካከላችሁ ሰላም ነው?» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሽማግሌ ቤታችን መጡ። ቡና ጠጥተው፣ ትዳር መቻቻል መሆኑን ነግረውን ሄዱ።

ወሬው እንዲህ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲያ ሐሳብ የሌለው ሰው አልነበረም። አንዱ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሳንቶሪኒ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትናጥ፣ ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ መርከብ ሲሮጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ። እውነት ነው፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ደሴቷን ለቆ ወጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ውበት ራሱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። የዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ ፈነዳና መካከሉ ሰመጠ። የተረፈው ጠርዙ ነው፤ 480 ዩሮው ለጠርዙ ነው። ሌላው፣ «እሳተ ገሞራ ካማረህ ኤርታሌ አለልህ» አለኝ። ሦስተኛው ምንም ሳይለኝ የሕይወት መድን የሚሸጥ ጓደኛውን ስልክ ሰጠኝ።

ከሁሉም አፌን ያስያዘኝ ግን አንድ ወዳጄ ነው። አሁን አውቶቡስ ይነዳል። ከብዙ ዓመት በፊት ግሪክን በራሱ መንገድ ጎብኝቷታል፤ ከቱርክ ወደ ሳሞስ፣ በሌሊት፣ በላስቲክ ጀልባ። ሳሞስና ቱርክ በጠባቡ በኩል ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም።

«በመርከብ ነው የምትሄዱት?» አለኝ።

«ከአቴንስ በመርከብ።»

«እኔ ለአንድ ሰው 1,000 ዩሮ ከፍያለሁ። ለመሄጃ ብቻ። አንተን ደርሶ መልስ ስንት አሉህ?»

ስነግረው ከልቡ ተናደደ። «ዘርፈውኛል!» አለ። «ወንበር እንኳ አልነበረውም።»

ስቀን ስንጨርስ ስልኩን አውጥቶ የሳሞስን ባሕር ዳርቻ ፎቶ ሲፈልግ አየሁት። በቀን ምን እንደሚመስል አላየውም ነበር።

አንድ ማታ ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያችን ፊት ቆማ አገኘኋት። ጣቷ ነሐሴ ላይ ነው። ጀርባዋን አይቼ ምን እንደሆነ ገባኝ። ኦገስት 10 ነሐሴ 4 ነው። ፍልሰታ!

ሌላ ጾም ቢሆን እንደራደር ነበር። ፍልሰታ ግን ሕፃን ልጅ እንኳ የሚጾመው ጾም ነው። ባለቤቴ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ዘልላው አታውቅም። ለሁለተኛው ልጃችን አራስ ሆና እንኳ ይቅርብሽ ስትባል አኩርፋለች።

እኔ ግን በቀላሉ እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። «ግሪኮችም እኮ ኦርቶዶክስ ናቸው! እነሱም ፍልሰታን ይጾማሉ» አልኳት። ይጾማሉም። ችግሩ እነሱ ኦገስት 1 ጀምረው 14 ይጨርሱና በ15 በዓሉን ያከብራሉ። የእኛ ኦገስት 7 ገብቶ 22 ይፈታል። ደሴቷ በግ ጠብሳ፣ ከበሮ መትታ በምትፈስክበት ቀን እኛ ሳምንት ይቀረናል። ጢሱን እየሸተትን።

«እሺ፣ እስከዚያ የጾም ምግብ ሞልቷል» አልኩ። ማስረጃ ፍለጋ የምግብ ዝርዝራቸውን ሳነብ አመሸሁ። ግሪክ በጾም ዓሣ አይበላም፤ ደም የለውም የሚለውን የባሕር እንስሳ ግን ይበላል። ሽሪምፕ፣ ካላማሪ፣ ኦክቶፐስ። ባለቤቴ ለንስሐ አባታችን ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አባታችን፣ ኦክቶፐስ የሚባል የባሕር እንስሳ አለ።»

«እሺ ልጄ።»

«ግሪኮች በጾም ይበሉታል።»

«ክንፍና ቅርፊት አለው?»

«የለውም አባታችን።»

«አጥንትስ?»

«የለውም።»

«ምን አለው ታዲያ?»

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ስምንት እግር» አለች።

አባታችን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ልጄ፣ ይሄንንስ በፍስኩም ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።»

የቀረኝ ፋቫ ነው። የሳንቶሪኒ ዝነኛ ምግብ እሱ ነው። ስሙን ሳይ ባቄላ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቢጫ ክክ ተቀቅሎ፣ ልሞ፣ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ጣል ተደርጎበት የሚቀርብ ነው። በአጭሩ እርድ የረሳ ክክ አልጫ ነው። በእሳተ ገሞራው አመድ ስር ከተቀበረችው አክሮቲሪ ከምትባል ጥንታዊ ከተማ ቁፋሮ ውስጥ እንኳ ዘሩ ተገኝቷል። ዘሩ ምን እንደሆነ ስፈልግ ደግሞ የጓያ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን ጮክ ብዬ ማንበብ አልነበረብኝም። አማቴ ከሳሎን ሰሙኝ።

«ጓያ? እግር የሚይዘው?»

«ዘመዱ ነው እማዬ፤ ራሱ አይደለም።»

«ስንት ነው የሚሸጡት?»

«14 ዩሮ።»

መቁጠሪያቸውን አቋርጠው መጡ። እስከዚያ ድረስ በነገራችን ገብተው አያውቁም ነበር። ፎቶውን አሳዩኝ አሉ። ባለቤቴ ያንን ባለ ሰማያዊ ጉልላት አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። አጎሉት። «መስቀል አለው» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን አይደል እንዴ? ታዲያ ይቺ ልጅ ጣሪያው አጠገብ ምን ታደርጋለች? ቀሚሷስ ማን ይዞላት ነው?»

አህያም አሳየናቸው። ከሳንቶሪኒ ዋና ከተማ ከፊራ ስር ያለው አሮጌ ወደብ ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ አለው። የገመድ መኪና ያልፈለገ ሰው በአህያና በበቅሎ ይወጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ አህያ ከ100 ኪሎ በላይ፣ ወይም ከራሷ ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ አትጫንም። እኔ 104 ነኝ። አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው። «አህያ ላይ ለመቀመጥ ግሪክ ድረስ!» ብለው በጣም አዘኑልን። ስለ ደንቡ ስነግራቸው ግን «ጎሽ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ የኛዎቹም ይህን ቢሰሙ» አሉ።

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ። «ግሪክ ካላችሁስ ፍጥሞ አለች አይደል? ዮሐንስ ራእይ ያየባት።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። አለች። ፈረንጆች ፓትሞስ ይሏታል። ዋሻውም አለ። ከበላዩ በ1088 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ገዳም አለ። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በመርከብ ስምንት ሰዓት ያህል ነው፤ ኦገስት ላይ ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ከተነሣ መርከቡም ላይወጣ ይችላል። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለማስፈራራት ነው። አማቴ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እሱስ ቢሆን በግዞት አይደል የሄደው? ተመችቶት መሰለህ?» አሉኝ። ቀጥለውም ቪዛቸው ለግሪክ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። ይሠራል። ሸንገን ይሉታል።

አማቴ ከሄዱ ልጆቹን የሚይዝ የለም። ስለዚህ ልጆቹም ይሄዳሉ። አምስት ሆንን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አማቴ ለአንዲት እናት ነገሩ። እሳቸው ለማኅበራቸው ነገሩ። ረቡዕ ላይ 23 ሆነን፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር ተመረጠ። ጸሎት የሚመሩልን አንድ ቄስ እንዲሄዱም ተወሰነ፤ ወጪያቸው በ23 ይካፈላል። ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ። «ጥናቱን የጀመረው እሱ ስለሆነ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ገብቷል። ነጭ ቲሸርት ይታተም ተባለ። ፊቱ ላይ «ጉዞ ወደ ፍጥሞ 2018 ዓ.ም.»፣ ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር። ቁጥሩ የእኔ ነው። አውቶቡስ ነጂው ወዳጄም ተመዝግቧል፤ መርከቡ ሳሞስን ይነካ እንደሆነ ብቻ ጠይቆ።

ሆቴሉን ያገኘሁት ስካላ በሚባለው የፍጥሞ ወደብ ነው። ባለ ሁለት ኮከብ፣ አሥራ አንድ ክፍል። ቅጹ ላይ የጉዞው ዓላማ የሚል ጥያቄ ነበረ፤ ጫጉላ፣ የጋብቻ በዓል፣ ቤተሰብ፣ ቡድን። የጋብቻ በዓል ላይ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ቡድን የሚለውን ነካሁ። የአልጋ ዓይነትም ይጠይቃል። ጾም ነው፤ ያገባ ሰው ይገባዋል። ነጠላ ነጠላ አልጋ አልኩ። ለነገሩ የእኛ ክፍል የአማቴም ክፍል ነው።

ማታ ቁም ሣጥኑን ስከፍት ቀዩን ቀሚስ አገኘሁት። አዝዛው ኖሯል፤ ሦስት ሜትሩ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ፍጥሞ ላይ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታይበት ቦታ አለ?»

«አይጠፋም» አልኳት። «ላይ ኮራ የሚሏት መንደር አለች፤ ባሕሩን ቁልቁል ታያለች። ሾልከን እንወጣለን።»

አማቴ ከሳሎን ሆነው ሰሙን። «ፀሐይ ስትጠልቅማ የሠርክ ጸሎት ነው» አሉ።