እኛን ትቀብራለች

ቮልክስዋገን የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ሠርቶ መስመሩን የዘጋው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ማሪያቺ የሚባሉት የአገሩ ሙዚቀኞች እየተጫወቱላት ተሸኘች። ከዚያ ጀርመን ሄዳ ሙዚየም ገባች። ያሳዝናሉ። ገና መንገድ በወጉ ያላየች መኪና ጡረታ አወጡ።

የእኛዎቹን ማን ሸኛቸው? ትናንት ጠዋት አራት ኪሎ ላይ አንዷ ቀድማኝ አለፈች። አንደኛው በሯ በገመድ ታስሯል። ሌላኛው ጭራሽ የሚከፈት አይመስልም፤ ሹፌሩ በመስኮት ገብቶ መሆን አለበት። ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚነዳው። ዛሬ የማመሰግነው እሱንና መሰሎቹን ነው። ራሴንም ጨምሬ። በዚህ ነገር ትሕትና አላውቅም።

የእኔዋ ዲኤክስ ናት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች ኮሮላ። ስገዛት ሻጩ፣ ደላላውና መካኒኩ በአንድ አፍ "ይቺ መኪና እኛን ትቀብራለች" አሉኝ። ጥንካሬዋን እያወደሱ መስሎኝ ደስ አለኝ።

የዚህ ሁሉ ዕድሜ ምስጢር አንዲት ቃል ናት፦ ለጊዜው። "ለጊዜው በሽቦ ልሰርልህ።" "ለጊዜው በፕላስተር ላሽገው።" ማርሚታዬ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ በሽቦ የታሰረው ለጊዜው ነው። ያኔ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ነበር፤ ዘንድሮ ማትሪክ ይፈተናል። ሳልባታዮው፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ሲያፈስ ቀዳዳው በቢ29 ሳሙና ተደፈነ። ለጊዜው። ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ገባ። እሱም ለጊዜው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። ወረቀቱ እስካሁን አልተቃጠለም፤ ከወንበሩ ሥር የሚመጣው ሽታ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ወደ ራዲያተሩ ልምጣ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን ታዲያ ጌጥ አይደለም። ውሃውን አፍኖ ይይዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በዚህም ውሃው ቶሎ አይፈላም። ፊዚክስ እንዲህ ይላል። የእኔ ክዳን ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ተፈናጥሮ ከጠፋ በኋላ ግን መካኒኬ ፊዚክስን በጨርቅና በፌስታል ረታው። ጨርቁን ጠቅልሎ ጎሰጎሰ፣ ፌስታሉን ደረበ፣ በላስቲክ አሰረ። "ጋሼ፣ ከኦርጅናሉ ይሻላል፤ ይተነፍሳል" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ይተነፍሳል። ከጊዮርጊስ እስከ ሽሮ ሜዳ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ትጠጣለች። ሽሮ ሜዳ ላይ የአገር ልብስ የሚሸጡት ሴቶች አውቀውኛል። ጭሱ ከኮፈኑ ሲነሳ አንዷ ከሱቋ ብቅ ትላለች።

"ጋሼ፣ ዛሬም ፈላች?"

"አይ፣ እያረፈች ነው።"

"እንግዲያው ይግቡና ጥላ ሥር ይቀመጡ።"

በዚህ መሀል ለባለቤቴ ሦስት ነጠላና አንድ ቀሚስ ገዝቻለሁ። ዝም ብሎ ሰው ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ነውር ነው። የነጠላዎቹ ዋጋ ሲደመር ስንት የራዲያተር ክዳን እንደሚገዛ ባለቤቴ አንድ ቀን አስልታ ነገረችኝ። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት፤ መኪና ግን አይገባትም።

ፌስታሉ አልበቃ ሲል መካኒኬ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ጣለው። "ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው" አለኝ። ይህን የነገረኝ በሐምሌ ጠዋት፣ ሁለታችንም ጃኬት ደርበን እየተንቀጠቀጥን ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ካልሞቀ ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል፣ ቶሎም ይበላል። ስለዚህ የእኔዋ ጠዋት ጠዋት አልሞቅ ብላ ቤንዚን ትጨርሳለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ፈልታ ውሃ ትጨርሳለች። ሁለቱንም በአንድ ቀን የምትችል መኪና ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ አያገኝም።

የዚያን ዕለት መካኒኬ ገጥሞ ሲጨርስ መሬት ላይ አምስት ብሎን ቀረ። አየሁት። አየኝ። "ትርፍ ነው" አለና ኪሱ ከተተው። ጃፓኖች ሲያባክኑ ይገርሙኛል።

መቼም አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ወዶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እኛ ጋ ይወደዳል። ዲኤክሴ የቆመችው በሽቦ ነው፤ ዋጋዋ ግን እንደ ቦሌ መሬት ነው። ባለ አሮጌ መኪና ነው ብሎ የሚስቅብኝ ሰው ካለ ልክ አይደለም። በፌስታሉ ግን ይሳቅ፤ እሱን ቀረጥ አላስገባውም።

ቁጠባችን ላይ ደግሞ ሐሜት ይበዛል። ባለፈው የፍሬን ሸራ ልገዛ ብር ይዤ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ነጋዴው ሦስት ዓይነት አለኝ አለ፤ ኦርጅናል፣ ኦርጅናል የሚመስልና "ለጊዜው የሚሆን"። ሦስተኛውን አነሳሁ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሦስት ጊዜ ገዝቻለሁ፤ ደንበኛ ስለሆንኩ ይቀንስልኛል። በተረፈው ብር የወንበር ልብስ አሰፋሁ። ቀይ ነው፣ ዳሩ ወርቃማ። ሸራውን ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል? የወንበሩን ልብስ ግን የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ያላደነቀው የለም።

ፍሬን ካነሳሁ አይቀር። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላሉ። ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ነው አሉ። እርጥበት የገባበት ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። እኔ ይሄ አያሰጋኝም። የእኔ ዘይት አርጅቶ አያውቅም፤ ስለሚያፈስ በየሳምንቱ አዲስ ነው። ማፍሰሱ ሲብስ መካኒኬ የኋላ ቀኙን ጎማ መስመር ዘጋው። "ሦስቱ ይበቃሃል" አለኝ። ባጃጅ ያላት ጎማ ሦስት ነው፤ ቅሬታ ስታሰማ ሰምቼ አላውቅም። አሁን ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ ግራ ትስባለች። የግራ ፍሬቻዬ ስለማይሠራ ጥሩ ተደጋግፈዋል።

አራተኛው ፍሬን ግን ጨርሶ አልሞተም። እንደ ጥምቀት በዓመት አንድ ቀን ይወጣል፤ የቦሎ ቀን። በዋዜማው መካኒኬ መስመሩን ይከፍተዋል። ክዳን ከሌላ ሰው ይመጣል። ጎማ ደግሞ ከእቁባችን። አዎ፣ በሰፈራችን የጎማ እቁብ አለ። አራት ጥሩ ጎማ፣ ስድስት ባለ መኪና። ቦሎ የደረሰበት ሰው ያነሳል፣ ያስመረምራል፣ በማግስቱ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ጎሚስታው የእቁቡ ጸሐፊ ነው። ጎማዎቹ በዓመት ስድስት ጊዜ ይመረመራሉ፤ ከተማው ውስጥ እንደ እነሱ የተመረመረ ያለ አይመስለኝም። ዘንድሮ መርማሪው ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጥርስ አየና "እንዲህ ነው መኪና መያዝ" አለኝ። ደረቴን ነፋሁ። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በማግስቱ ጎማውን ሳስረክብ ግን ትንሽ ከፋኝ።

ስለ ባትሪ ብዙ አልልም። ባትሪ ውድ ነው፤ መኪናዋ ተንደርድራ የምትነሳበት ቁልቁለት ነፃ ነው። ቤት ስከራይ አከራዩን የጠየቅኩት ስለ ውሃና ስለ መብራት አይደለም። በሩ ፊት ያለው መንገድ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ነው።

ችግሩ ቁልቁለት ላይ ለሚያድር ሰው የእጅ ፍሬን ያስፈልገዋል። የእኔው ገመዱ ከተበጠሰ ስድስት ዓመት ሆነው። እሱን የተካው ድንጋይ ነው። ተራ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎኑ ለጎማ ጉያ የተቀረፀ የሚመስል፣ ሲያነሱት ለእጅ የሚመች። እንጦጦ ደርሷል፣ ደብረ ብርሃን ደርሷል፣ ሁለት ሠርግና አንድ ለቅሶ አብሮን ሄዷል። ከኋላ ወንበር ሥር የራሱ ቦታ አለው። ልጄ ከትንሽነቱ የተማረው የመጀመሪያ ሥራ መኪና ስትቆም ወርዶ እሱን ማድረግ ነው።

ባለፈው እሑድ ደላላው ገዢ ይዞ መጣ። ወጣት ነው፤ ገና ጋብቻ ላይ ነኝ አለ። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። የወንበሩን ልብስ በእጁ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ኮፈኑን አስከፍቶ ፌስታሉን አየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለጊዜው ነው" አለ ደላላው፣ ከእኔ ቀድሞ።

"ሞተሯስ?"

"እኛን ትቀብራለች" አልኩት።

ዋጋ ተነጋገርን። ከገዛኋት እጥፍ ብዬ ጠራሁ፤ ትንሽ አንገራገረና ተስማማ። ልንጨባበጥ እጄን ስዘረጋ ግን የእሱ ዓይን የኋላ ጎማው ላይ ነው። ጎንበስ አለ፣ ድንጋዩን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

"ጋሼ፣ ይሄ አብሮ ነው አይደል?"

እጄን ሰበሰብኩ። በድንጋዩ ዋጋ ገና አልተስማማንም።