ኢሞኪሊ ክለብ አይደለም

በአየርላንዱ የኮርክ ካውንቲ የሀርሊንግ (በዱላና በትንሽ ኳስ የሚጫወቱት የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ) ፍጻሜ የተሸነፈ ክለብ ለመንስተር ዋንጫ፣ ማለትም ለደቡብ አየርላንድ ክፍለ ሀገር ውድድር፣ መላክ «ቀልድ ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ፤ አባባሉ የኮርክን ሀርሊንግ በግማሽ ዓይን ያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኮርክ ፍጻሜ ሳርስፊልድስ የተባለውን ክለብ ያሸነፈው ኢሞኪሊ በከፍተኛው ምድብ የሌሉ የምሥራቅ ኮርክ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን አዋጥተው የሚያቆሙት የአካባቢ ቡድን ነው። የመንስተር ውድድር ደግሞ ለክለቦች ብቻ ነው፤ ኢሞኪሊ ከ2017 እስከ 2019 የኮርክን ዋንጫ በተከታታይ ሲያነሣም ወደዚያ አላለፈም። ለመሆኑ በኢሞኪሊ ፋንታ ተልኮ «ቀልድ» የተባለው ሳርስፊልድስ ምን አደረገ? መንስተርን ሦስት ዓመት በተከታታይ የገዛውን የዋተርፎርዱን ባሊገነርን ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ ከዚያም እስከ መላው አየርላንድ የክለቦች ፍጻሜ ተጉዞ በደብሊኑ ክለብ «ና ፊያና» ተሸነፈ። ተሸናፊ ተብሎ ለተላከ ክለብ ይህ ያንሳል? በጽሑፉ ሥር «እንግዲያው ኢሞኪሊን ከኮርክ ውድድር ማስወጣት ነው» ያሉት አስተያየት ሰጪም ቸኩለዋል። ከትንሽ ክለብ የወጣ ጎበዝ ልጅ የሰፈሩን ማሊያ ሳይተው በትልቁ ውድድር የሚታይበት ሌላ መንገድ ብዙም የለውም፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ጨዋታ አይደለም፣ እንደ እግር ኳሱ ተጫዋች አይሸጥም አይለወጥም። እኔን ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፦ ሳርስፊልድስ በራሱ አካባቢ ልጆች ሲጫወት ኢሞኪሊ ከበርካታ ክለቦች መርጦ ይሰለፋል፣ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው። ደንቡ ይነካ ከተባለ ከዚህ ይጀመር፣ መንስተርን ግን ተዉት።