ኳሷ ሳትነጥር ዋንጫ ለሚያድሉን ነቢያት

በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እኔ የማደንቀው ተጫዋቾቹን አይደለም። አሰልጣኞቹንም አይደለም። የነሱ ሥራ እኮ ቀላል ነው። ይጫወታሉ፣ ያሸንፋሉ ወይ ይሸነፋሉ፣ ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ይወጣል፣ አለቀ። የማደንቀው አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ማን አንደኛ፣ ማን አስራ ሰባተኛ እንደሚሆን የሚነግሩንን ሰዎች ነው። የቅድመ ውድድር ደረጃ አውጪዎችን። አፍ ዳገት አይፈራም የተባለው ለነሱ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ላመስግን። ኤፕሪል 6 ቀን 2025 (ቀኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ዩኮን፣ ማለትም የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ታምፓ ላይ ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59 ረትቶ 12ኛ ዋንጫውን በላ። ፔጅ ቤከርስና አሰልጣኟ ጂኖ ኦሪየማ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አገር አየ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወለሉ ላይ የተበተነው ባለቀለም ወረቀት ተጠርጎ ሳያልቅ፣ የሚቀጥለው ዓመት 25 ምርጥ ቡድኖች ዝርዝር መዞር ይጀምራል። አንዳንዶቹማ ዝርዝሩን ራሳቸው “ከመጠን በላይ የቸኮለ” ብለው ነው የሚጠሩት። ትህትና ማለት ይሄ ነው። ሰው ቀድሞ ራሱን ከሰደበ ማን ይሰድበዋል?

ደግሞ ያ ሳምንት ምን ዓይነት ሳምንት እንደሆነ አስቡ። የትኛዋ ተጫዋች እንደምትቀር፣ የትኛዋ እንደምትሄድ ልጆቹ ራሳቸው አያውቁም። ትራንስፈር ፖርታል የሚሉት የዝውውር መዝገብ ክፍት ነው። በ2021 ተጫዋች አንድ ጊዜ ያለቅጣት ትምህርት ቤት መቀየር ትችላለች ተባለ። በ2024 ትምህርቷን እስካላበላሸች ድረስ የፈለገችውን ያህል ትቀይር ተባለ። በዚያው በ2021 በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ መሥራትም ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ አንዲት ጎበዝ ተጫዋች የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ጨርሳ ስልኳን ስትከፍት ምን እንደሚጠብቃት መገመት አያቅትም። እሷ ገና እናቷን እያማከረች ነው። ነቢዩ ግን ቡድኗን መርጦ አራተኛ ላይ አስቀምጧታል።

ሙያው ቀመርም አለው። ዋናው መለኪያ ከአምናው ነጥብ ስንት በመቶውን ያገቡት ልጆች ተመለሱ የሚለው ነው። ብዙዎቹ ከተመለሱ ቡድኑ “ልምድ አለው”። ካልተመለሱ “ወጣት ነው”። ብዙ አዲስ ልጅ ከመጣ “ስብስቡ ጥልቀት አለው”፤ በኋላ ከተሸነፈ ደግሞ ያው ስብስብ “ገና አልተግባባም”። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ይመጣል። አዲሶቹ ከነባሮቹ ጋር ከተግባቡ፣ ጉዳት ካላጋጠመ፣ ሶስት ነጥቡም ከገባ፣ ይህ ቡድን እስከ ፋይናል ፎር፣ እስከ መጨረሻዎቹ አራት፣ ሊሄድ ይችላል። እንደዚያማ ከሆነ የኛ ሰፈር ቡድንም ይሄዳል።

ጥበባቸው በሙሉ ክብሩ የታየው ግን በኦክቶበር 2023 ነው። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

የዜና ወኪሉ የአሶሺየትድ ፕሬስ ደረጃ አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መራጭ ጋዜጠኛ 25 ቡድን በቅደም ተከተል ይጽፋል። ለአንደኛው 25 ነጥብ፣ ለሁለተኛው 24፣ እያለ መጨረሻው ጋ 1 ይደርሳል። ከዚያ ይደመራል። አንድ ሰው ሲገምት ግምት ነው። የ36 ሰው ግምት ሲደመር ግን መረጃ ይሆናል፣ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ይተነተናል። ሂሳብ ደግሞ አይዋሽም።

ከ36ቱ መራጮች 35ቱ ኤል ኤስ ዩን፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን፣ አንደኛ አደረጉ። ምክንያት አላጡም። የአምናው ሻምፒዮን ነው። አንጄል ሪስ አለች። በዚያ ላይ ሄይሊ ቫን ሊዝ ከሉዊቪል፣ አኒሳ ሞሮ ከዲፖል ተጨምረዋል። አሰልጣኟ ዋንጫ ማንሳት የለመደችው ኪም ሙልኪ ናት። ይሄን ቡድን ወረቀት ላይ የሚያሸንፈው የለም።

ኖቬምበር 6፣ የውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ ቀን፣ ላስ ቬጋስ። 20ኛ የተባለው ኮሎራዶ ኤል ኤስ ዩን 92 ለ 78 ሸኘው። የስድስት ወር ትንታኔ፣ የስንቱ ሰው ፖድካስት፣ የ35 መራጭ ድምፅ ለአንድ ምሽት እንኳ አልሆነም።

በዚያው ቀን ሳውዝ ካሮላይና ፓሪስ ላይ ከኖትር ዳም ጋር ነበር። ይሄን ቡድን 6ኛ ነበር ያሉት። በቀመሩ ከሄድን ልክ ናቸው፤ እንዲያውም ደግ ሆነዋል። አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ሄደዋላ። አሊያ ቦስተን የለችም። ዛያ ኩክ የለችም። የቀሩት ተቀያሪዎችና አዲስ ልጆች ናቸው። ከነዚህ አዲሶች አንዷ ሚሌሲያ ፉልዊሊ ኳሷን ይዛ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በረረችበት። መሀል ላይ የገጠማትን ተከላካይ ኳሷን በጀርባዋ አዙራ አለፈችና አስገባች። በዩኒቨርሲቲ ማሊያ የመጀመሪያ ጨዋታዋ ነው። ያቺን ደቂቃ የትኛው ቀመር ውስጥ ታስገቧታላችሁ? 100 ለ 71 አለቀ።

በሳምንቱ አዲስ ዝርዝር ወጣ። ሳውዝ ካሮላይና ከ6ኛ ወደ 1ኛ። ኮሎራዶ ከ20ኛ ወደ 5ኛ። ኤል ኤስ ዩ ከ1ኛ ወደ 7ኛ። ይቅርታ የለ፣ ማብራሪያ የለ፣ ማፈር የለ። ጋዜጣ እርማት የሚያወጣው የሰው ስም ፊደል ሲሳሳት ነው እንጂ የአገር ሻምፒዮን ሲሳሳት አይደለም። ይሄ መረጋጋት ነው እኔን የሚማርከኝ። ሌላው ሰው ቤተሰብ ፊት “ነገ አይዘንብም” ብሎ ቢሳሳት እንኳ ሳምንቱን ሙሉ ይሳቅበታል።

ሁለተኛ የተባለው ዩኮንስ? በኖቬምበር 12 በኖርዝ ካሮላይና ስቴት 92 ለ 81 ተሸነፈ። ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ስንተኛ ነበር አትበሉኝ፤ በ25ቱ ውስጥ የለም። ከ350 በላይ ቡድን ባለበት ውድድር 25 ስም ሲጻፍ ቦታ ጠፍቶለት ነው። ያ ቦታ የጠፋለት ቡድን ፋይናል ፎር ገባ። ሳውዝ ካሮላይና ደግሞ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ 38 ለ 0፣ አዮዋን ክሊቭላንድ ላይ 87 ለ 75 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። የፋይናል ፎሩ ኮከብ ካሚላ ካርዶሶ ሆነች፤ አምና ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳች ትገባ የነበረችው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም ያው ነው። በኦክቶበር 2022፣ በውድድር ዘመኑ መግቢያ ላይ፣ ሳውዝ ካሮላይና ያለተቃውሞ አንደኛ ነበር። 36 ጨዋታ አሸነፈ፣ ፋይናል ፎር ላይ የአዮዋዋ ኬትሊን ክላርክ 41 ነጥብ አግብታ ወደ ቤቱ ላከችው። ዋንጫውን ማን ወሰደ? 16ኛ የተባለው ኤል ኤስ ዩ። 16ኛ ሲሉት ሻምፒዮን ይሆናል፣ 1ኛ ሲሉት በመጀመሪያው ቀን ይሸነፋል። እነሱ ከተማ፣ ባቶን ሩዥ፣ ጋዜጣ አይገባም መሰለኝ።

አይሳካላቸውም ማለት ግን ግፍ ነው። በኦክቶበር 2024 ሳውዝ ካሮላይናን አንደኛ፣ ዩኮንን ሁለተኛ አሉ፤ ለፍጻሜ የደረሱትም ሁለቱ ናቸው። አያችሁ? እርግጥ ዩኮን ከ2008 እስከ 2022 በተደረገው ውድድር ሁሉ፣ 14 ጊዜ በተከታታይ ፋይናል ፎር የገባ ቡድን ነው። ዩኮንን ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ መጻፍ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ይዘንባል እንደማለት ነው። ይዘንባል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯቸዋል፤ የልጆቹ ጉልበት። በማርች 1998 በዓመቱ መጨረሻ የጥሎ ማለፍ ውድድር ስታንፎርድ በምድቡ 1ኛ ተብሎ፣ በሜዳው፣ 16ኛ ከተባለው ከሃርቫርድ ጋር ተመደበ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሁለት ዋና ተጫዋቾቹ የጉልበት ጅማታቸው ተበጠሰ። ሃርቫርድ 71 ለ 67 አሸነፈ፤ አሊሰን ፊስተር ብቻዋን 35 አገባች። በወንዶቹም በሴቶቹም 16ኛ የተባለ ቡድን 1ኛውን ሲጥል ያ የመጀመሪያው ነው። በማርች 2025 ደግሞ የሳውዘርን ካሊፎርኒያዋ ጁጁ ዋትኪንስ በውድድሩ ሁለተኛ ዙር ወደቀች። ያው ጅማት ነው። በሴፕቴምበር የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ እንደማትጫወት አሳወቀች። ልጅቷ ከዘራ ይዛ ስትራመድ እኛ የቸኮለውን ዝርዝር ከፍተን ቡድኗ ስንተኛ ነው እንባባላለን። ይህን ያህል ስለ ተጫዋች የሚጨነቅ ሕዝብ የት ይገኛል?

ለነገሩ ይሄ ደረጃ የሚባል ነገር ሲጀመር ቀልድ አልነበረም። በ1976 ሜል ግሪንበርግ የሚባል የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጠኛ ነው የጀመረው። ያኔ የሴቶችን ጨዋታ ውጤት የሚያትም ጋዜጣ ብርቅ ነው። ማን ማንን እንዳሸነፈ ለማወቅ ለአሰልጣኞች ስልክ መደወል ነበረበት። ሰውየው ማንም ያልቆጠረውን ቆጠረ። የዛሬዎቹ ገና የሚቆጠር ነገር ሳይኖር ይቆጥራሉ። እድገት ነው።

ነቢያቱን ብቻ ማመስገን ደግሞ አድልዎ ይሆናል። እኛ ባንኖር እነሱ የት ይኖሩ ነበር?

አንድ ወዳጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ አፍንጫው ስር ነው፤ ልጁም እዚያ ስለተማረች ቡድኑ የሱ ነው። በየኦክቶበሩ ዝርዝሩ የሚወጣ ቀን አብራችሁት ካፌ ብትቀመጡ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ወደ ታች ይሄዳል። አምስት። ስምንት። አስር። ሜሪላንድ የለም። ትንፋሹ ይለወጣል። እየወረደ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ታች ጋ ያገኛቸዋል።

“ንቀውን ነው!”

“አምና ስንት ጨዋታቸውን አየህ?”

“እሱን ተወው።”

“ዘንድሮ ኳስ የምታደራጀው ማን ናት?”

“ማንም ትሁን! ንቀውን ነው እልሃለሁ! በ2006 ዱክን በተጨማሪ ሰዓት 78 ለ 75 የበላን ሰዎች እኮ ነን!”

ክሪስቲ ቶሊቨር ያንን የማቻቻያ ሶስት ነጥብ ስታገባ ሰዓቱ ሊያልቅ ስድስት ሰከንድ ገደማ እንደቀረው ይነግራችኋል። የዘንድሮዎቹን ልጆች ስም ጠይቁት፤ አስተናጋጁን ይጠራል።

ይህ ንዴት ነው የዝርዝሩ ትልቁ ስጦታ። 25 ቡድን ሲደረደር 24ቱ ተንቀናል ይላሉ። አንደኛውም የሁሉንም ድምፅ ካላገኘ ያቺ አንዷ ድምፅ የት ሄደች ብሎ ይቆጣል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ቡድን ደግሞ ወረቀቱን መልበሻ ክፍል ይለጥፋል። በአንድ ገጽ ጽሑፍ ይህን ያህል ሰው እኩል ማስቀየም ቀላል ችሎታ አይደለም።

ኤፕሪል ላይ የኦክቶበሩን ዝርዝር አውጥቶ “ይሄን ብላችሁ አልነበር?” የሚል ሰው ግን የለም። ጊዜም የለንም። የሚቀጥለው ዓመት ወጥቷላ! እሱን ከፍተን “ንቀውናል” ማለት አለብን።

ስለዚህ ድፍረት ካልሆነብኝ አንዲት ልመና አለችኝ። አንድ ዓመት ቀድሞ መተንበይ ለዚህ ዓይነት ተሰጥኦ ያንሳል። የ2037ን ዝርዝር ከአሁኑ ይስጡን። በዚያ ዓመት የሚጫወቱት ልጆች ዛሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ናቸው። ጉልበታቸው ደህና ነው። ፖርታል አልገቡም። እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ አልተግባቡም ብሎ መተቸትም አይቻልም። ከአሁኑ የተሻለ መረጃ መቼም አይገኝም። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ማባዛት ሲማሩ፣ እኛ እዚህ ማን 16ኛ መሆን እንዳልነበረበት እንጣላለን።

ዩኮንን ከአምስቱ ውስጥ እንዳይረሱት ብቻ።