ደብሩ ከጡረተኛው ምን ይጠይቃል?

የኢትዮጵያ የጡረታ ሕግ ሠራተኛውን በ60 ዓመቱ ያሰናብተዋል። ሰውየው የአዲስ አበባ ኦርቶዶክሳዊ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ ማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ደብሩ ይሄዳል፣ ኪዳን ያደርሳል፣ ያስቀድሳል፣ ከቅዳሴ በኋላም ከእኩዮቹ ጋር በቅጥር ግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጦ እስከ ምሳ ሰዓት ይጫወታል። ይህን የሚነቅፍ ሰው ከቤቱ የማይወጣ ጡረተኛ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያረጅ አላየም። የእኔ ቅሬታ በጡረተኛው ሳይሆን በደብሩ ላይ ነው። ደብሩ ከእኚህ ሰው የሚጠይቀው ወርኃዊ አስተዋጽኦአቸውንና ሽበታቸውን ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያካበቱትን ሙያ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

የዚህ ምክንያት ስለ እርጅና ካለን የቆየ አስተሳሰብ የሚመነጭ ይመስለኛል። ብዙ ምእመናን ቅዱስ ቁርባንን ለሽምግልና ያቆዩታል። ልጆች ተድረው፣ ሥራ ተትቶ፣ የንስሐ አባት ተጠርተው፣ ባልና ሚስት ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ በቁርባን ይጸናሉ፤ ባሎቻቸውን ከቀበሩ እናቶች መካከልም ቆብ ደፍተው እማሆይ የሚሆኑ አሉ። ነገሩ ውብ ነው። ችግሩ የሽምግልና እምነት ለራስ ነፍስ ስንቅ ከመሰነቅ ያለፈ ተግባር እንደሌለው ተደርጎ መቆጠሩ ነው። በሉቃስ ወንጌል የምትገኘው ነቢይት ሐና ለዚህ በምሳሌነት ትጠቀሳለች፤ 84 ዓመት የሆናት መበለት ናት፣ በጾምና በጸሎት ከመቅደስ አትለይም። ነገር ግን ወንጌላዊው እዚያ ላይ አያቆምም፤ ሕፃኑን ባየች ጊዜ የኢየሩሳሌምን ቤዛነት ለሚጠባበቁ ሁሉ ስለ እርሱ ትናገር እንደነበረ ይጨምራል። መልእክት ነበራት፣ የሚሰማትም ሰው ነበረ። ስብከታችን ግን ጾሟን ነግሮን ንግግሯን ይዘልለዋል።

ሙያ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን በአንድ ሰንበቴ አይቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ በቤተ ሰንበቴው ተሰብስበው ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጸሎት ከተደረገ በኋላ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ከቦርሳቸው የደም ግፊት መለኪያ ያወጣሉ። ሰው በየተራ ነጠላውን ገልጦ ክንዱን ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው በትንሽ ደብተር ስምና ቁጥር ይጽፋሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩ ያሳየው ነገር አስገራሚ ነበር። ብዙዎቹ ግፊት እንዳለባቸው ያውቃሉ፣ መድኃኒትም ታዝዞላቸዋል፤ ነገር ግን የዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አንቀምስም በማለት ክኒኑን ትተውታል፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላም በዚያው ረስተውታል። ነርሷ ይህን ለብቻቸው ቢናገሩ ኖሮ «የዘመኑ ሰው ጾም ይፈታል» ከመባል አያመልጡም ነበር። ስለዚህ ደብተሩን ይዘው ወደ ደብሩ ካህን ሄዱ። ካህኑም በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን እንደምታቀልል፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ከንስሐ አባቱ ጋር ሊመክር እንደሚገባው፣ በራሱ ሥልጣን መድኃኒቱን ማቋረጡ ግን ጽድቅ እንዳልሆነ በግልጽ አስተማሩ። የካህኑ ቃል ያለ ደብተሩ አጠቃላይ ምክር ሆኖ ይቀር ነበር፤ ደብተሩም ያለ ካህኑ ቃል ሰሚ አያገኝም ነበር።

ቢኒያም በለጠ የመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል መርሕ አለው። ለመጀመር በቂ ነው፤ እስማማለሁ። የአልጋ ቁራኛ የሆነን ሽማግሌ ቁስል እንዳያወጣ በየስንት ሰዓቱ ማገላበጥ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ እጅ ሲታከልበት ደግሞ እርዳታው ሌላ ይሆናል።

በቤተ ክርስቲያን አስተዳደርም ቢሆን በሩ በሕግ የተከፈተ ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኗ የአጥቢያ አስተዳደር ደንብ፣ ምእመናን ከካህናትና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር በሰበካ ጉባኤ ተቀምጠው ደብሩን እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ባለሙያ ሲመረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ስሙ እንዲጠራ፣ ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈትም ከምስክሮቹ አንዱ ሆኖ የተቀዳደደውን ብር እየዘረጋ እንዲቆጥር ነው። የግንባታውን ውልና የወጪ ሰነድ ለማየት የጠየቀ ዕለት «አስቸጋሪ ሰው» የሚል ስም ይወጣለታል። ደመወዝ የማይቀበል፣ ዕድገት የማይጠብቅ፣ ለመኖሪያ ቤቱም ሆነ ለእንጀራው ማንንም የማይፈራ ኦዲተር ማግኘት ለማንኛውም ተቋም ትልቅ ዕድል ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚፈራ ደብር ፍርሃቱ ከምን እንደመጣ ራሱን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ የሆነው ትውልድ ደግሞ ለበጎ ፈቃድ ሥራ እንግዳ አይደለም። ከመካከላቸው በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገና በጉርምስናቸው ወደ ገጠር የተላኩ አሉ፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬና እናቶችን ፊደል ያስቆጠሩም ብዙዎች ናቸው። ያን ጊዜ የሄዱት በመንግሥት ትእዛዝ ነበር፤ የዘመኑም መከራ የታወቀ ነው። ቢሆንም የማያውቁት መንደር ገብቶ ከማያውቁት ሰው ጋር መሥራትን ተምረውበታል። እነዚህን ሰዎች ዛሬ ማንም ዝመቱ አላላቸውም፤ አንድ ካህን ወይም አንድ የእድር ዳኛ በክብር ቢጠይቃቸው ግን እምቢ የሚሉት ጥቂቶች ይመስሉኛል።

እድርም ከቀብር በላይ መሥራት እንደሚችል በ1990ዎቹ አሳይቷል። ኤች አይ ቪ ድንኳኑን በየሳምንቱ በሚያስተክልበት በዚያ ዘመን፣ በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ሞትን ቁጭ ብለው ከመጠበቅ ይልቅ የታመሙትን በየቤታቸው ወደ መጠየቅና ወላጅ ያጡትን ልጆች ወደ መደገፍ ተሸጋግረዋል።

እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እያዋጡ የቆየበት ጡረታ መብት እንጂ ችሮታ አይደለም፤ የዛሬው ገበያ ግን ያንን መብት በልቶታል። በዚህ ምክንያት ጡረታ ከወጡ በኋላ በጥበቃ የተቀጠሩ፣ የሰው ልጅ በየቤቱ እየዞሩ የሚያስጠኑ መምህራን አሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው ነጻ አገልግሎት ግዴታ ነው ብሎ መስበክ ግፍ ነው። ቢያንስ የታክሲውን የሚሸፍን ደብር መኖር አለበት። እናቶች ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ጡረታ ቢወጡም ከጓዳ አልወጡም፤ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉትን «ጊዜ አለሽ» ማለት አይቻልም።

ወጣቶችም የሚያነሱት እውነተኛ ቅሬታ አለ፦ አንዳንዱ ጡረተኛ ከመሥሪያ ቤት ያጣውን ወንበር በእድር ወይም በማኅበር ሊተካው ይመጣል፣ ከተቀመጠም አይነሣም። መፍትሔው አገልግሎቱን በሥራና በጊዜ መወሰን ነው። የጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ሆኖ ማገልገል አንድ ነገር ነው፤ የማኅበሩ ባለቤት መሆን ግን ሌላ።

በአሜሪካ ያሉት ወላጆቻችን ሁኔታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ልጃቸውን ለማረስ ሄደው በዚያው የቀሩ እናቶች መኪና አይነዱም፣ ቋንቋው አይገባቸውም፤ ከሰው የሚገናኙት እሑድ በቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የአማርኛ ትምህርት ይሰጣል። በሙያው መሐንዲስ የሆነ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ሕፃናቱን «ሀሁ» ለማስቆጠር ሲታገል፣ ዕድሜ ልካቸውን አንደኛ ክፍል ያስተማሩ አያት ከጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ካፖርት ይጠብቃሉ። ማንም ሥራዎ ምን ነበር ብሎ አልጠየቃቸውማ!

የደብር አባልነት ቅጽ ስም፣ ክርስትና ስም፣ የቤት ቁጥርና የወር መዋጮ ይጠይቃል። አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «ሙያዎ ምንድን ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ሊሰጡን ይችላሉ?» ባዶውን የተወው ሰው ምክንያት አይጠየቅ። ለሞላው ሰው ግን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ በዚያው ወር ስልክ ይደውልለት።