ቀዳሚው ማን ነው?

የሮክ ሙዚቃን ማን ጀመረው በሚል የቀደምት ሮክ ወዳጆች የሚያደርጉት ክርክር የድሮውን የርስት ሙግት ይመስላል፤ ተሟጋቹ ሁሉ ትውልድ እየቆጠረ ከአቅኚው አባት ለመድረስ ይደክማል፣ ከባላጋራው በአንድ ዓመት የሚቀድም ስም የጠራም ይረታል። የጠራውን ሰው ሙዚቃ ሰምቶት ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሙግቱ በሁለት የዘመን አቆጣጠር ቢካሄድ ኖሮማ እስከ ዛሬ ክሱ እንኳ ተነቦ አያልቅም ነበር።)

አሜሪካዊውን ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ቸክ ቤሪን የሚጠራ ሰው እንደ ጀማሪ ይታያል። የቤሪ የ1958 ዘፈን «ጆኒ ቢ ጉድ» በ1977 በቮየጀር መንኰራኵሮች ተጭኖ ወደ ጠፈር መላኩን በማስረጃነት ቢያቀርብም፣ «ቤትሆቨንም እኮ አብሮ ተልኳል» ተብሎ ይመለስለታል። ከዚያ ሌላው በ1951 በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ የተቀረጸውን የአይክ ተርነር ባንድ ሥራ ይዞ ይነሣል፤ የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ኪዛርት የድምፅ ማጉያ በመንገድ ላይ ተጎድቶ፣ ወረቀት ተጠቅጥቆበት ያወጣው ሻካራ ድምፅ የሮክ ጊታር መነሻ ነው ባይ ነው። ማጉያው የተጎዳው ከመኪና ወድቆ ነው ወይስ ዝናብ ገብቶበት የሚለው ነጥብ ብቻውን አንድ ምሽት ይፈጃል፤ ስለ ኪዛርት ጣቶች ግን አንድ ቃል አይወጣም።

እኔን የሚያስቀኝ፣ ወንዶቹ እንዲህ ሲራኮቱ ዘፋኟና ጊታር ተጫዋቿ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትታወሰው በመጨረሻ መሆኑ ነው። ቸክ ቤሪ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1938፣ ጊታሯን ይዛ መንፈሳዊ መዝሙር በሸክላ አስቀርጻ ነበር። በ1964 ማንችስተር ውስጥ፣ አገልግሎቱን ባቆመ የባቡር ጣቢያ፣ ታዳሚው ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ተደርድሮ ሳለ ዝናብ ቢወርድ፣ ካፖርቷን እንደ ደረበች ኤሌክትሪክ ጊታሯን አንሥታ ስለ ዝናብ በሚናገር መዝሙር ጀመረች። ለሮክ ባለውለታዎች ክብር የሚሰጠው የሮክ የዝና አዳራሽ ቸክ ቤሪን በ1986 ሲቀበል፣ እርሷን የተቀበላት በ2018፣ ካረፈች ከ45 ዓመት በኋላ ነው።

ሮክን የወለደው የከበሮ ምት ነው የሚለው የከበሮው ወገን ጣጣ ደግሞ ይብሳል። በ1954 የኤልቪስ ፕሬስሊ የመጀመሪያ የገበያ ሸክላ ሲቀረጽ ከበሮ መቺ ስላልነበረ፣ የጊታሩ ወገን «ያለ እናንተም ሆኗል» እያለ ያላግጥበታል። የከበሮው ወገን መልስ የኒው ኦርሊንሱ ከበሮ መቺ ኧርል ፓልመር ነው፤ ፒያኖ እየተጫወቱ ከሚዘፍኑት ከፋትስ ዶሚኖና ከሊትል ሪቻርድ ጀርባ ተቀምጦ ይመታ የነበረው እርሱ ነው። ዳሩ ግን ፓልመር ራሱ፣ ያን የሮክ ምት የጀመረው ፒያኖ ላይ የሚሮጠውን የሊትል ሪቻርድን ቀኝ እጅ ለመከተል ሲል እንደሆነ መስክሯል። የቸክ ቤሪ ፒያኖ ተጫዋች ጆኒ ጆንሰንም በ2000 የዘፈኖቹ ተባባሪ ደራሲ ነኝ ብሎ እውነተኛ ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር፤ ክሱ በይርጋ ወደቀ። ነገሩ እዚህ ሲደርስ፣ ሲናከሱ የቆዩት ሁለቱ ወገኖች ወዲያው ይታረቁና ጉዳዩ ፒያኖ ተጫዋቾችን እንደማይመለከት በአንድ ድምፅ ይወስናሉ።