ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ስቶክሆልም ውስጥ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ከምትሸጥ ጠባብ ሱቅ ገብቼ አፍሬ ወጣሁ። ሻጩ ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰ ልጅ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ከመደርደሪያው የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» የተባለ አልበም አውርዶ አጫወተልኝ። ኦርጋኑ ሲነሳ «ኃይሉ መርጊያ» አለኝ። ሳክስፎኑ ሲገባ «ሞገስ ሀብቴ»። ትራምፔቱን ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታሩን ማህሙድ አማን፣ ቤዙን መላከ ገብሬ፣ ድራሙን ተማረ ሐረጉ እያለ ቆጠረልኝ። በበትር የሚመታው የብረት መሣሪያ፣ ቪብራፎኑ፣ የሙላቱ አስታጥቄ መሆኑን፣ ከአልበሙ ዜማዎች «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት መሆኑን የሰማሁትም ከእሱ ነው። በዚህ ድምፅ ያደግሁት እኔ ከእነዚህ ሁሉ የማውቀው ሁለቱን ነበር።

ልጁ አመሠራረታቸውን ሳይቀር ያውቃል። በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ መሣሪያው በአብዛኛው የምሽት ክለቡ ባለቤት ንብረት ስለነበር፣ ሙዚቀኛ ከክለቡ ሲለቅ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ማንም ሳያዝዛቸው አብረው የዘለቁት፣ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወቱት በዚህ ነው። ሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ አድማጩም ተጫዋቹም እስኪነጋ አንድ ላይ ተዘግቶበት ያድራል። ያ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲቀረጽ የሌሊቶቹ ሁሉ ልምምድ በጣታቸው ላይ ነበር። ስንሰማው ያስታውቃል!

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ገብቼ ይህንኑ ሙዚቃ ለአክስቴ ልጆች ከፈትኩላቸው። ሁለት ደቂቃ ታገሡኝ። ከዚያ ታላቁ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለ። ዘፋኝ የለውም አልኩት። «እንግዲያው ማጀቢያ ነው» ብሎ ወደ ወሬው ተመለሰ።

ይህች «ማጀቢያ» የምትባል ቃል ነች ያንገበገበችኝ። ሌሊቱን የአባቴን ካሴቶች አውጥቼ አገላበጥኩ። በየሽፋኑ የዘፋኙ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ የባንዱ ስም። የድራም ተጫዋቹስ? የቤዙስ? አንድም ቦታ የለም። በውጭ አገር የጃዝ ሸክላ ጀርባ ላይ ግን ተጫዋቹ ቀርቶ ድምፁን የቀረጸው ባለሙያ እንኳን በስሙ ይጠራል።

እንዲያውም የእኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለጉብኝት አሜሪካ ከሄደ በኋላ እዚያው ቀርቶ ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ደንበኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የ1985ቱን ሥራውን በ2013 እንደገና አሳትሞ ወደ መድረክ የመለሰው የአሜሪካ አሳታሚ ነው። ስንቱ አበሻ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማን እንደሚነዳለት ሳያውቅ ወርዶ ይሆን? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ደግሞ እኮ ጎጃም ነው! የቅኔ ተማሪ ከማን ተማርክ ቢባል ከቅኔ ቤቱ ከዋሸራ ጀምሮ መምህሩን፣ የመምህሩን መምህር እያለ እስከ ጥንታዊው ባለቅኔ እስከ ተዋነይ የሚቆጥርበት አገር ነው። በቃል ይዞ ዘመናት የተሻገረ ሕዝብ የትናንቶቹን ሙዚቀኞች ስም እንዴት ያጣል?

በማግስቱ ጎረቤታችን የኔታ ቡና ሊጠጡ መጡ። ዓለማዊ ዘፈን አይሰሙም፤ እኔ ግን ከልጆቹ ጋር ስከራከር አደመጡኝ። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እነዚህ ሰዎች መሪያቸው ማን ይባላል? ዜማውንስ የደረሰው?» አሉኝ። አገር ቤት ከገባሁ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስማቸውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። በሦስተኛው ኦርጋኑን፣ ሳክስፎኑን፣ ድራሙን ከነባለቤቱ እሳቸው ጠሩልኝ፤ የአክስቴ ልጅም ስልኩን አንሥቶ ሙዚቃውን ከመጀመሪያው ከፈተው።